የማዕዘኑ ክፍል እንግዳ

ጥቅምት 5 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው አባትሽ ነው። እሱ አፉን ባይከፍት ኖሮ እኔ ፊደል መቁጠሬን በምን ታውቂ ነበር? “አክስትሽ ዛሬ ዛሬ ጋዜጣ ታነባለች” ብሎሽ እንደሳቀም ሰምቻለሁ። ይሳቅ። እሱ ደብተር ይዞ ከበር ሲወጣ እኔ የእሱን ሸሚዝ ሳጥብ ነው ያደግኩት። እኩዮቼ ልጅ ሲድሩ እኔ የማታ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቄ ሀ ሁ ስል ነበር።

እንደምን ከርመሻል? በሰው አገር ክፉ አይንካሽ፤ ፈጣሪ መንገድሽን የቀና ያድርገው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። ጣሪያውም ያፈሳል። ይህን ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ከእኔ ሲሰማው ጆሮው ይደፈናል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ፏፏቴውን ሊያዩ መጥተው እኔ ማረፊያ የሚያድሩት ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ጠይቄ እንድጽፍልሽ ትፈልጊያለሽ። ልጄ፣ ባሕር የተሻገርሽው ለዚህ ነው? ሰው ሊዝናና ሲመጣ ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ይኸው ትምህርትሽን ጨረስኩልሽ።

ግን እምቢ አላልኩም። የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት በጤና ያግኝዎት። ጉልበትዎን ይማርልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ስለ እኔ አያስቡ። የጣሪያውን ነገር ለአባባ ነግሬዋለሁ።

ስንት ሰው መጣ፣ ስንት ቀን አደረ የሚለውን የሚቆጥሩ ሌሎች አሉ፤ ሥራቸውም ጥሩ ነው። እኔ የምፈልገው ሰው መጥቶ ያገኘውንና ያጣውን በራሱ አንደበት ሲናገር ነው። ስለዚህ “አዎ” ወይም “አይደለም” ተብሎ የማይዘጋ ጥያቄ ይጠይቁ። ከጠየቁ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢከብድዎትም ቶሎ አይሙሉት፤ ሰው ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር የሚያወጣው ዝምታውን ሲሸሽ ነው። ንግግሩ የቆመ ከመሰለዎት የመጨረሻ ቃሉን መልሰው ይስጡት፤ እሱ ራሱ ይቀጥላል። የተናገረውንም ሳያሳምሩ፣ እንዳለ ይጻፉት። በስልክ ቢነግሩኝ ቃሉ ይጠፋብኛል፤ ወረቀት ላይ ግን ተመልሼ አየዋለሁ።

የሰው ስም አይጻፍም። በቅጽል ወይም በሥራው ይጥሩት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፈቃድ ይጠይቁ። እንግዶቹ የሚፈርሙበትን ወረቀት ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። ያልፈቀደ ሰው ቃል ወርቅ ቢሆንም አይነካም፤ የሥራችን ሕግ ነው።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 26 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ደጅሽ አይጠብብሽ።

ሥራሽን ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ የያዝኳቸው ሙሽሮች ናቸው፤ ከመኪና ከወረዱ ጀምሮ ሲነታረኩ ስለነበር ወሬ አያጡም ብዬ ነው። እስክሪብቶዬን አስተካክዬ፣ “እንዴት ነው፣ ደስ አላችሁ አይደል?” አልኩ። አዎ አሉ። “አልጋው ተመቻችሁ አይደል?” አዎ። “ሾርባውስ ግሩም አይደል?” አዎ። በኋላ ሳየው ገጹ ላይ የእኔ ጥያቄ እንጂ የእነሱ ነገር የለም። ለካ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ምክርሽ ትዝ አለኝና፣ “ወደ ፏፏቴው ስትወርዱ ምን ሆነ?” ብዬ አፌን ዘጋሁ። አፍ መዝጋት ለእኔ ዳገት ነው። ሙሽራው ሙሽሪትን አያት።

“ንገራቸው እንጂ” አለችው።

“ምኑን?”

“‘ይቺ ናት እንዴ?’ ያልከውን።”

“ውሃው ቀጭን ነው ነው ያልኩት። ፎቶው ላይ እንደዚያ አይደለም።”

“መች አየኸውና! ጀርባህን ሰጥተኸው ስልክህን ሽቅብ ይዘህ አልነበር?”

“ኔትወርክ እየፈለግኩ ነው።”

“ፏፏቴ ሊያይ መጥቶ ኔትወርክ አይቶ ተመለሰ ብለው ይጻፉልኝ፣ እማማ።”

ጻፍኩት። ስለ ውሃው ልጁ አልተሳሳተም፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው፣ በረዶ የመሰለው ፎቶ የተነሳው ክረምት ነው። አስጎብኚው ደግሞ (“ሬዲዮ” ነው የምንለው፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም) የመጣውን ሰው ሁሉ “ምነው ትናንት በመጣችሁ” ይለዋል። ትናንትም እንደዚሁ ነበር።

ሙሽሮቹ ፈርመዋል፤ ሙሽራው ወረቀቱን ሲያይ ሂሳብ መስሎት ደንግጦ ነበር። እኔ ግን ይህ ነገር አልተመቸኝም። እንግዳ ቤቴ ገብቶ ሻይ እንኳ አፉ ሳያደርግ “ፈርም” ይባላል? እንግዳ ያሸሻል።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለተከበሩት አክስቴ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ስለ ሙሽሮቹ የጻፉትን ተርጉሜ ለክፍል ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዬ ግን አልሳቀም፤ “ይህን የጻፈችው ሴት ማናት? ዓይን አላት” አለኝ። አክስቴ ናት አልኩት። ኮራሁ።

አሁን ሁለት ነገር ልጨምርብዎ። እንግዶቹ ካነሱት ፎቶ አንዱን መርጠው ለምን እንደመረጡት ይንገሩዎት፤ ሰው ሥዕል ሲይዝ ምላሱ ይፈታል። እርስዎም ሲሰሙ የተሰማዎትን ጽፈው ያኑሩልኝ። የሚሰማው ሰው ስሜት በሚጻፈው ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ልናውቀው ይገባል።

በፈቃዱ ላይ ያሉት ገብቶኛል። ሻዩ ይቅደም፣ ወረቀቱ ይከተል። ወሬው ግን ከወረቀቱ በኋላ ይሁንልኝ።

አክባሪዎ


ጥር 18 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን አለሽ? ስምሽን በክፉ የሚያነሳው አይኑር።

“ዓይን አላት” የሚለውን ቦታ ለጎረቤቴ አነበብኩላት። ለአባትሽም አንቺ አንብቢለት።

የፎቶውን ነገር ሞክሬዋለሁ። አንድ ጡረተኛ ዳኛ ካነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ የመረጠው የውሻዬን ነው። ለምን ስለው፣ “ያልጠበቅኩት እሱን ብቻ ነው” አለኝ። ፈርሟል።

አሁን ግን ሌላ ነገር ልጽፍልሽ ነው። ልብስ ሰፊዋ መጣች። አታውቂያትም። በየዓመቱ ከባሏ ጋር መጥተው የማዕዘኑን ክፍል ይይዛሉ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጧት ወርዶ ውሃው ፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ እኔ ማድ ቤት ገብታ የተቀደደ መጋረጃዬን ትሰፋለች። መጀመሪያ ስትመጣ እንግዳ ነበረች፤ አሁን ምን ልበላት። እህት የለኝም፣ እህት ያላቸው ግን እንደዚያ ሲያወሩ አይቻለሁ።

ዘንድሮ ብቻዋን መጣች። ሞቷል። እስከ የካቲት አጋማሽ እከርማለሁ አለችኝ።

ድንች እየላጥን ሳለ፣ “ያለ እሱ መንገዱ እንዴት ነበር?” አልኳትና ዝም አልኩ።

“ታውቂያለሽ፣ ያንን ውሃ ወድጄው አላውቅም” አለች።

ዝም አልኩ።

“እሱ ሲመጣ መጣሁ። አንድ ጊዜ ዘንድሮስ ባሕር እንሂድ ብለው ሳቀብኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንስቼው አላውቅም። የእንግዳ መዝገብሽ ላይ ‘ደስ ብሎን ሰነበትን’ እያልኩ የምጽፈው እኔው ነኝ። እሱ መጻፍ አይወድም ነበር።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሞተ።” ድንቿን አገላብጣ አየቻት። “ሰው ሲያለቅስ አለቀስኩ። ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ ጫማዬን አውልቄ አልጋው መሃል ላይ ተኛሁ። ዳር አይደለም፤ መሃል። ቀለለኝ። ይህን ለሰው ስናገር ዛሬ መጀመሪያዬ ነው።”

ወደ ክፍሏ እንደሄደች ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ አንድም ቃል አላስቀረሁም። ስትሰሚ የተሰማሽን ጻፊ ብለሽ የለ? ቀናሁባት። በምኗ እንደሆነ አላውቅም።

ወረቀቱን ገና አላስፈረምኳትም። ድንች የያዘ እጅ ይፈርማል? በኋላ እነግራታለሁ።

አክስትሽ


ጥር 30 ቀን

ለተከበሩት አክስቴ፣

ጤናዎን ያብዛልዎ። ይህን የምጽፈው ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት።

እስካሁን ብዙ የተጠየቀው መምጣት ፈልጎ የመጣው ሰው ነው። ሌላውን ደስ ለማሰኘት እየተከተለ የመጣውን ያናገረ ጥቂት ነው። እባክዎ ጠለቅ ብለው ይጠይቋት። እነዚያን ቀናት እንዴት ታሳልፋቸው ነበር? ካልወደደችው ዘንድሮ ብቻዋን ለምን መጣች? ስትነግርዎት አያጽናኗት፣ አይምከሯት፤ ማጽናናት ንግግሩን ይዘጋዋል።

ፊርማዋን እስካሁን ተቀብለዋታል ብዬ አምናለሁ።

አክባሪዎ


የካቲት 24 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ።

ሙቀቱ በርትቷል፤ ውሃው ክር አክሏል። ሬዲዮ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ስለተዘጋ እንግዶቹ ዘንድሮ አርፈው ነው የሚያዩት። የጣሪያውን ነገር ለአባትሽ ደግመሽ አትንገሪው፤ ራሴ አሠራዋለሁ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አክስትሽ


መጋቢት 14 ቀን

ለተከበሩት አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ አጭር ስለሆነብኝ አሞዎት እንደሆን ብዬ ሰጋሁ።

ስለ ልብስ ሰፊዋ ምንም አልጻፉልኝም። ሳልነግርዎት የቆየሁት ነገር አለ። ስለ እሷ የጻፉትን ገጽ ለአስተማሪዬ ሰጥቼዋለሁ። የጥናቱን አንድ ሙሉ ምዕራፍ በእሷ ላይ እንድገነባ መከረኝ፤ ጽፌም ጨርሻለሁ። ግንቦት ላይ ማስረከብ አለብኝ። የፈረመችበት ወረቀት ግን እጄ አልገባም። በፖስታ ጠፍቶ ይሆን?

አክባሪዎ


ሚያዝያ 21 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ፖስታው ምንም አልጠፋበትም። ፊርማ የለም።

ጠለቅ ብለሽ ጠይቂ ያልሽው ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት፣ ረፋዱ ላይ የማዕዘኑ ክፍል ሄድኩ። አልጋው ላይ ተቀምጣ የቀሚስ ስፌት ትተረትራለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

“ውሃውን ካልወደድሽው ዘንድሮ ለምን መጣሽ?” አልኳት።

“አንቺን ላይ ነዋ” አለች።

እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው ያቆማል። እኔ ግን የተማርኩትን ሠራሁ።

“እኔን ልታይ” አልኩ፣ ቃሏን መልሼ። ከዚያ ዝም።

“አዎ።” ቀና አለች። “ምነው?”

“እስቲ ስለዚያ ጨምረሽ ንገሪኝ።”

መቀሷን አስቀመጠች። “ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል? የራሴን ቃል ለራሴ ታቀብይኛለሽ። ብድር ልጠይቅ ባንክ የገባሁ መሰለኝ።”

ልስቅ ነበር። አልሳቅኩም፤ መሳቅ ንግግሩን ይዘጋዋል ብዬ። ያኔ ጉልበቴ ላይ ያለውን ወረቀት አየችው።

“ድንቹን የላጥን ዕለትም ትጽፊ ነበር?”

“የለም፤ ከሄድሽ በኋላ ነው።”

“ምን ብለሽ?”

“እንዳልሽው። ቃል በቃል።”

“አልጋው መሃል ያልኩትንም?”

“ስምሽ የለበትም” አልኳት። “የወንድሜ ልጅ ለትምህርቷ ነው።”

“ስሜንማ ማን ፈለገው” አለች።

የፈቃድ ወረቀቱን ሰጠኋት። አየሽ፣ ያኔ ሰጠኋት። ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። “‘ተሳታፊው በፈለገ ጊዜ መተው ይችላል’ ይላል” አለች።

“ይላል” አልኩ።

“እንግዲያው ተውኩ።”

እስከ ማግስቱ ቆየች። ምሳ አብረን በላን፤ ጨው አቀብይኝ፣ እንቺ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አልተባባልንም። ስትሄድ ቀሚሱን አጣጥፋ አልጋው ላይ ትታው ነበር። የእኔ ቀሚስ ነው። ወገቡ ጠቦኝ ሳጥን ውስጥ የጣልኩትን አውጥታ ነበር የምታሰፋልኝ።

ይቅርታ ብዬ ጻፍኩላት። ያንንም በእጄ ጽፌ። የመለሰችልኝ አንድ መስመር ነው፦ “ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጪው።”

ፈቃዱን አስቀድሚ ብለሽ እንደነበር አልረሳሁም። ግን ልንገርሽ። ባስቀድም ኖሮ እምቢ ትለኝ ነበር፤ እምቢ ካለችኝ የምልክልሽ ገጽ የለኝም፤ ገጽ ካልላክሁ ያ አስተማሪሽ ስለ እኔ ምን ይላል? አባትሽ ያኔ ትምህርት ቤት እንድሄድ ቢተወኝ ኖሮ በልጅነቴ ጎበዝ ተብዬ፣ ጠግቤ፣ ረስቼው ነበር። በዚህ ዕድሜ “ዓይን አላት” ስባል እንደ ጠቦት አልዘልም ነበር። ስለዚህ ጥፋተኛው አሁንም እሱ ነው።

የጻፍሽውን ምዕራፍ ምን እንደምታደርጊው አንቺ ታውቂያለሽ።

አክስትሽ


ግንቦት 16 ቀን

ለተከበሩት አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

አውጥቼዋለሁ። አስተማሪዬ ነገሩን ሲሰማ ምንም አላቅማማም፤ “ከፋይልሽም አጥፊው” አለኝ። አጠፋሁት። ምዕራፉን እንደ አዲስ ስለምጽፍ ትምህርቴ በአንድ ዓመት ተራዝሟል። እርስዎን አልተቀየምኩም። “አያጽናኗት” ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማው ሳይደርሰኝ ገጹን ለሰው ያሳየሁትም እኔ ነኝ፤ ያ በአባባ አይላከክም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። የመጨረሻው ደብዳቤዎ እስከዛሬ ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጣል። ስለ ጠያቂው ነው፤ ሰው የሚወደውን ሰው መጠየቅ ሲጀምር ምን እንደሚሆን። እኛ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን በግልጽ አንጽፈውም። የልብስ ሰፊዋን ነገር አውጥቼ የእርስዎን ብቻ ላስገባው? የፈቃድ ወረቀት በስምዎ ልኬያለሁ። ካልፈለጉ ይቀራል።

አክባሪዎ


ሰኔ 19 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ደግ ቀን ይግጠምሽ። ዓመቱ መጨመሩን ስሰማ አዘንኩ፤ ለክፉ አይስጥሽ።

ወረቀትሽን አነበብኩት። ልፈርም እስክሪብቶ አንስቼም ነበር፤ አልዋሽሽም። ያነሳሁት “ከሁሉ ይበልጣል” ስላልሽኝ ነው። ከዚያ ደብዳቤዬን በሐሳቤ ከልብስ ሰፊዋ ለይቼ ላነብበው ሞከርኩ። እሷ ስትወጣ የሚቀረው ወንበር ላይ የተቀመጠች አሮጊት ናት፤ ማን ፊት እንደተቀመጠች አይታወቅም። እሷ ካልወጣች ደግሞ ተውኩ ያለችውን ሴት በሌላ በር ማስገባት ነው። ወረቀቱን መልሼ ልኬልሻለሁ። አልተፈረመም።

ዝናቡ ገብቷል። ውሃው ፎቶውን መስሏል፤ ሬዲዮ ድምፁ ተመልሶለት “ነገ ደግሞ ከዚህ ይብሳል” እያለ ነው። የማዕዘኑ ክፍል የእህል ነጋዴዎች ይዘውታል፤ ያንኮራፋሉ። አባትሽ ጣሪያ የሚሠራ ሰው ይዞ መጥቶ ነበር፤ አስጨርሻለሁ ብለው ምሳ በልቶ ተመለሰ።

አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ይህን ሁሉ ስንጻጻፍ ክፍልሽ ይሙቅ ይቀዝቅዝ፣ ማታ ከማን ጋር እንደምትበዪ አልነገርሽኝም። “ደህና ነኝ፣ አያስቡ” ብለሽ ታልፊዋለሽ። እኔም አልጠየቅኩሽም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። አሁን ጻፊልኝ። የምትጽፊውን ለማንም አላሳይም፤ ቢያስለቅስሽም ዝም ብዬ አላይሽም፣ የመጣልኝን ምክር ሁሉ እመክርሻለሁ፤ ባይረባሽ ትጥይዋለሽ።

እንግዳ እንደሁ መምጣቱን አያቆምም። ሲያወራኝ እሰማለሁ፣ መሃል ገብቼ የራሴንም አወራለሁ፣ ሲያለቅስ እጁን እይዛለሁ። የነገረኝን ግን ከእንግዲህ አልጽፍም፤ ላንቺም፣ ለአስተማሪሽም፣ ቢፈርምልኝም።

አክስትሽ